ያልጾመ ሰው ሲፈለግ

አባቴ እህል በረንዳ ጤፍ ይሸጣል። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ለደንበኞቹ የሚያወራው አንድ ወሬ ነው፤ «ልጄ ኮሌጅ ገብታም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች» ይላል። የመጀመሪያውን ሳምንት እውነት ነበር። ከዚያ የጠዋቱ ላቦራቶሪ ራሴን እያዞረኝ ሲያስቸግረኝ በኮሌጁ ምግብ ቤት ቁርስ መብላት ጀመርኩ። ዛሬስ እነግረዋለሁ እያልኩ በየሳምንቱ ወደ ቤት እመጣለሁ፤ በየሳምንቱም ስለ እኔ ሲያወራ እደርሳለሁ። በእሱ ዘንድ ያለኝን ስም ማጣት ከምንም በላይ ያስፈራኝ ነበር።

አንድ ዓርብ ትምህርት ስላልነበረን ቁርሴን በልቼ ቤት መጣሁ። አባባ ግቢያችን ውስጥ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ ቆሟል። መኪናችን በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ ከፊቷ በሚዞር ብረት፣ በማኖቬላ፣ የምትነሣ የጣልያን አሮጌ ናት። ከሰልባትዮው፣ ከቤንዚን ማጠራቀሚያዋ፣ ቤንዚን ስቦ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፓምፕ ላስቲኩ ተቀዶ አልሠራ ብሏል። አባባም ከምናለሽ ተራ ያገለገለ ፓምፕ ገዝቶ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል።

«መካኒክ ልጥራ» አለ።

«አባባ፣ እኔ ልግጠመው።» በፊዚክስ ትምህርት የፓምፕ ሥዕል ስለን ነበር።

እኔን አየኝ፤ ፓምፑን አየ፤ ሰማዩን አየ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልተነሣች መሳለሚያ ጋራዥ አስጎትታታለሁ» አለና ቁልፎቹን ሰጠኝ።

ሁለቱ ቡሎኖች እንዴት ያለ ግትርነት ነበራቸው! የመጀመሪያው «ቋ» ብሎ እሺ ሲለኝ ብቻዬን ሳቅሁ። አሮጌውን ፓምፕ አወጣሁ፣ ማረፊያውን ጠረግሁ፣ አዲሱን አሰርኩ፣ ሁለቱን ቱቦዎች ሰካሁ። ይህን ሁሉ ሳደርግ የወሎው ጎረቤታችን፣ ሸማ ነጋዴው፣ በራችን ላይ ቆመው ነበር። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ስለተገጣጠሙ እሳቸውም ጾመኛ ናቸው።

«ሴት ልጅ መኪና ስትፈታ አየሁ። ከእንግዲህ ምን ቀረኝ?» አሉ።

«መግጠሜን ነዋ፣ ጋሼ!»

አባባ ማኖቬላውን አዞረ፤ ዝም። ጋሼ ተቀበሉት፤ ዝም። ሁለቱም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያለከልኩ እኔ ይዤ አከታትዬ አዞርኩት፤ ሞተሩ ግን አልተነሣም።

«አንቺ፣ ይህን ጉልበት ከየት አመጣሽው?» አለ አባባ።

«ጾም ያበረታል» አልኩ። ጆሮዬ ጋለ።

እፍረቴን ለመደበቅ ኮፈኑ ውስጥ አጎነበስኩ፤ ጥፋቴንም እዚያው አገኘሁት። ቱቦዎቹን አቀያይሬ ሰክቻቸው ነበር፤ መግቢያውን በመውጫው።

«አጎረስኳት ብለሽ ነጥቀሻታል!» አሉ ጋሼ ጉልበታቸውን እየመቱ። ፈትቼ በትክክል ሰካኋቸው። ሆኖም ከሰልባትዮው በሚመጣው ቱቦ ውስጥ ጠብታ ቤንዚን አልነበረም። በእጅ ቤንዚን ለመሳብ የሚያገለግለው የፓምፑ ትንሽ እጄታ ደግሞ ድሮ ተሰብሮ ጠፍቷል።

«እንግዲህ አንድ ሰው በአፉ ስቦ ያምጣው» አሉ ጋሼ።

«አንተ ሳበዋ» አለ አባባ።

«ረመዳን ነው፣ ወዳጄ! ጠብ ያለችው ጉሮሮዬን ካለፈች አለቀልኝ። አንተ ሳበው።»

«ዘጠኝ ሰዓት መቼ ሆነ?»

«ቤንዚን እንደሆነ የጾም ነው፤ ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው።»

«የጾም ቢሆንስ ሰዓቱ ይድረስ እንጂ!»

ሁለቱም እኩል ወደ እኔ ዞሩ፤ እኩልም ፊታቸውን መለሱ። «እሷማ ጾመኛ ናት» አለ አባባ፤ ጋቢውን አጣፍቶም ወደ በሩ ሄደ። «ወጥቼ ያልጾመ ሰው ልፈልግ።»

«ዛሬ? መርካቶ ውስጥ? ካገኘኸው እኔም ልየው!»

አባባ እጁን መዝጊያው ላይ ሲያሳርፍ አፌ ከእኔ ቀደመ።

«አባባ፣ እኔ በልቻለሁ።»

ዞረ። «መቼ?»

«አንድ ሰዓት ላይ።»

«ዛሬ ብቻ?»

«ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ። ራሴን እያዞረኝ…»

«ምን በላሽ?»

«ዳቦ በማርማላታ። ሻይም።»

«በወተት?»

«ያለ ወተት! አባባ ሙት፣ ያለ ወተት!»

ጋሼ የኋላውን ጎማ በጽሞና መመርመር ጀመሩ። አባባ ቀስ ብሎ ተመለሰ፤ የቱቦውን ጫፍ ከፓምፑ ነቅሎ በመሐረቡ ጠረገና ዘረጋልኝ።

«እንግዲያስ ሳቢው።»

ሳብኩ። ምንም። ደግሜ በኃይል ሳብኩ፤ ቤንዚኑ ካሰብኩት ቀድሞ መጥቶ አፌን ሞላው። ተፋሁ፣ አለቀስኩ፣ ዘለልኩ። «መጣ! መጣ!»

«ስኪው! ስኪው!» ይጮኻሉ ጋሼ።

ሰካሁት። አባባ አንድ ጊዜ አዞረ፤ ሁለተኛ ሲያዞር ሞተሩ አሳለና ተነሣ! ጋሼ በባዶ ሆዳቸው ትከሻቸውን መነቅነቅ ያዙ፤ እኔም አፌ እየተቃጠለ በግራሶ በተለወሰ እጄ አጨበጨብኩላቸው።

«እሷ ባትበላ መኪናዋም ጦሟን ታድር ነበር!» አሉ።

አባባ አልጨፈረም። ማኖቬላውን አስቀመጠና የጎን በሩን ከፈተልኝ።

«ግቢ። አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን፣ ንስሐ አባታችን ዘንድ ነው የምንሄደው፤ ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

ገባሁ። ጋሼ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልን። መንገዱን ስንይዝ በተነፈስኩ ቁጥር መኪናው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ ፈራሁ፣ ሳቄም መጣ። አባባን በስርቆሽ ሳየው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይዟል።

«አንቺ ማርማላታውን ብቻ ተናገሪ» አለኝ። «ቤንዚኑን እኔ እነግራቸዋለሁ።»