የፆም ሰሞን እንቁላል

በታኅሣሥ፣ የገና ፆም ከተጋመሰ በኋላ፣ ተማሪዎቼን እንቁላል ይዛችሁ ኑ አልኳቸው። አንኮበር ውስጥ ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አልነበረም። በፆም እንቁላል የሚበላ ስለሌለ ያለው ወይ ገበያ ይወርዳል ወይ ዶሮዋ ትታቀፈዋለች። አንዳንድ እናቶች «ያ የደብረ ብርሃን ልጅ ፆም ሊገድፍ አምሮት ነው» ብለው እንዳሙኝ በኋላ ሰማሁ።

እንቁላሉን የፈለግሁት ለአንድ ልጅ ብዬ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳላገኝ፣ አስተማሪ ሆኜ ወደ አንኮበር ከተላክሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። አማርኛና የጤና ትምህርት አስተምራለሁ። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ተማሪዎቹ «ጋሼ ሲያስተምሩ ሳይሆን መንገድ ሲሄዱ ነው የምንማረው» ይሉኝ ነበር። ኪሴ በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ላይ በተጫጫሩ ግጥሞች የተሞላ ነው። ግጥምን ማንም አላስተማረኝም፤ ከሬዲዮ፣ ከአልቃሽና ከሰካራም ለቃቅሜ የተማርኩት ነው። ጠዋት ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ፣ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ከተጻፈው መፈክር ሥር ባለው ሰሌዳ ላይ አንዲት ባለ ሁለት ስንኝ ግጥም ጽፌ መጨረሻዋን ባዶ እተዋለሁ። ተማሪዎቹ ይሞሉታል። እውነቱን ለመናገር የሚሞላው አንድ ልጅ ነበር፦ የመሪጌታው ልጅ። ገና ጠመኔውን ሳላስቀምጥ አንድ ነገር ጣል ያደርግና ክፍሉን በሳቅ ያፈርሰዋል።

አንድ ማክሰኞ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

ጉም ከቆላ ወጥቶ አገሩን ቢያለብስ፣
ፀሐይ ትመጣለች . . .

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ግንባሩን ዴስኩ ላይ አስደግፎ፣ በመስኮቱ የሚገባውን ብርሃን በመዳፉ ከልሎ ተቀምጧል።

«ምነው ዛሬ?» አልኩት።

«ብርድ ነው ጋሼ። ራሴን ነው።»

ከኋላ የተቀመጡት ወንዶች እርስ በርስ ተያዩና ወዲያው ዓይናቸውን ሰበሩ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። የገና ጨዋታ ልምምድ ከተጀመረ ሰንብቷል። ከትምህርት ቤት መልስ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ልጆች ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው ሩሯን፣ ያቺን ክብ እንጨት፣ ሲያሳድዱ ይመሻል። በዚያ ሜዳ የተመታ ልጅ አይከስም፤ ቤት ገብቶም አይናገርም። እናቱ ግንባሩ አብጦ ስታይ «ወድቄ ነው» ይላታል፤ እሷም ባታምነውም ነገሩን ትተወዋለች። ሰው በቀበሌ ስብሰባ ጎረቤቱ ማታ ምን እንደበላ ሳይቀር በሚያወራበት በዚያ ዘመን፣ የገና ዱላን ምሥጢር ያወጣ አንድም ልጅ አላየሁም።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ለድሬሰሩ፣ ለጤና ረዳቱ፣ ነገርኩት። ዝግ ያለ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው።

«ቁስል አለው?»

«አይታይም።»

«አያታልልህ። ተመትቶ ከሆነ አንጎሉ ተናውጧል። ራስ ምታት፣ ብርሃን መጥላት፣ መርሳት፣ እነዚህ ምልክቶቹ ናቸው። ይረፍ፤ ይድናል። እያደር ትውከቱ ከበዛ ወይ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አድርሱት።» ከዚያ መርፌ የሚቀቅልበትን ዕቃ ከድኖ ወደ እኔ ዞረ። «ይህ ሳይሽር በላዩ ላይ ሌላ ምት ከተደገመበት ግን ልጁን ልታጡት ትችላላችሁ። ገና ደርሷል። ይጫወታል?»

ይጫወታል ወይ! የላይ ሰፈር ተስፋ እሱ ነው።

በማግስቱ ከአባቱ ጋር ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተገናኘን። መሪጌታው በወጣትነታቸው በሜዳው ስማቸው የገነነ ተጫዋች ነበሩ ይባላል። ሲሰሙኝ ፈገግ አሉ። «ወድቄ ነው ብሎኛል። ወድቆ ነው እንግዲህ። እኔስ በልጅነቴ ስንቱን ቀምሻለሁ መሰለህ፣ ልጄ?» ብለውኝ ገቡ።

ያን ጊዜ ነው እንቁላሉ ትዝ ያለኝ። ጓድ ዳይሬክተራችን ግን መጀመሪያ መስማማት ነበረባቸው።

«ጓድ መምህር፣ ይህ በመጽሐፉ የትኛው ምዕራፍ ነው?»

«አደጋ መከላከል ከሚለው ነው።»

«እንቁላሉስ?»

«መርጃ መሣሪያ ነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «መልካም። የተረፈውን መርጃ መሣሪያ ወደ ቢሮ አምጣው። እኔ አልፆምም።»

የማርማላታ ጠርሙስ አጥቤ፣ እስከ ግማሹ ውሃ ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «እንቁላሉን ማን ይሰብርልኛል?» ብል ወንዶቹ ሁሉ ወደኋላ አሉ።

«ጋሼ፣ እጃችንን ቢነካንስ?»

«ካልላስከው ምን ያደርግሃል?» ብሎ አንዱ ቀለደ።

«ስጡኝ እኔ ልስበረው፤ እኔ ምን ቸገረኝ!» ብላ አንዲት ልጅ ከፊት ተነሣች። የአሊዩ አምባ ሙስሊም ነጋዴ ልጅ ናት፤ አክስቷ ቤት ሆና ነው እኛ ጋ የምትማረው። ጠርሙሱ አፍ ላይ እንቁላሉን ቀጭ አድርጋ ሰበረችው። አስኳሉ ሙሉ እንደ ሆነ ውሃው ውስጥ ጠለቀ።

«ጠርሙሱ የራስ ቅላችን ነው። አስኳሉ አንጎላችን» አልኳቸው። «አሁን ምቺው።»

ክዳኑን ገጥማ በኃይል ናጠችውና በጭኗ ላይ መታችው። ከዚያ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። ጠርሙሱ አንድም ጭረት አልነበረበትም። ውስጡ ግን ቢጫ ጭቃ ሆኗል። ሳቁ ቆመ። ከመሪጌታው ልጅ ጎን የሚቀመጠው ረጅሙ ልጅ፣ የቅርብ ጓደኛው፣ ጠርሙሱ ላይ አፍጥጦ ቀረ። ደወሉ ተደውሎ ሁሉም ሲወጡ እንኳ ወደ ጠረጴዛው ቀርቦ ጣቱን ጠርሙሱ ላይ አሳረፈ። ያሰበውን እስኪጨርስ ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ዴስኮቹን ገፍተን ወለሉ ላይ በጠመኔ ሜዳ ሣልን። አንዱ የተመታ ተጫዋች ሆኖ እንዲተኛ፣ ሌሎቹ ተመልካች፣ አንዷ ደግሞ ጠያቂ እንድትሆን ነው። የተመታው ማን ይሁን ብል፣ አስቂኝነቱን የሚያውቁት ሁሉ በአንድ ድምፅ የመሪጌታውን ልጅ ጠሩ። ዝግ ብሎ ተነሥቶ ወለሉ ላይ ተጋደመ። ተመልካቾቹን ምን እንደሚሉ ማስጠናት አላስፈለገኝም።

«ተነስ እንጂ! አልጋ መሰለህ?»

«ውሃ ድፉበት! ውሃ!»

«ኧረ ተነስ፣ የታች ሰፈር ሳቀብን!»

ጠያቂዋ የነጋዴው ልጅ ነበረች። አጠገቡ በርከክ አለች።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ጥምቀት።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«እኔ ማን ነኝ?»

«የጓድ ዳይሬክተር ባለቤት።»

ዴስክ ተደበደበ። እሷ አልሳቀችም። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ማክሰኞ ጋሼ የጻፉት ግጥም ምን ይላል?»

«ጉም . . .» አለ። «ጉም ነው።»

«ጉሙ ምን አደረገ?»

በመዳፉ ግንባሩን ያዘ።

«ሰኞ ማታ ከሜዳው ወደ ቤት ከማን ጋር ሄድክ?»

ተነሥቶ ተቀመጠ። ፊታችንን በየተራ አየ፤ መልሱ አንዳችን ላይ የተጻፈ ይመስል። ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ ቀልዱ አልመጣለትም። «ብቻዬን» አለ በመጨረሻ።

«ኧረ ብቻህን አይደለም!» ረጅሙ ልጅ ከተመልካቾቹ መካከል ወጣ። «እኔ አይደለሁም እንዴ ይዤህ የሄድኩት? መንገድ ላይ አስመለሰህ። ‹ወዴት ነው የምንሄደው› እያልክ ትጠይቀኝ ነበር። አታስታውስም?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «የእኔ ዱላ ነው ጋሼ። ሩሯን ብዬ ስሰነዝር ራሱን አገኘሁት።»

ዝም በል ያለው ልጅ አልነበረም። የመሪጌታው ልጅ ግን የማስተምርበትን አሮጌ ነጭ ካፖርት ጫፍ ያዘኝ። «ለአባባ አይንገሩብኝ ጋሼ። ገናን ይከለክሉኛል።»

ከሰዓት ሁለቱን ይዤ መሪጌታው ቤት ሄድኩ። ረጅሙ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ያደረገውን ተናገረ።

«ምን አጠፋህና ነው?» አሉት መሪጌታው። «ጨዋታ አይደለም እንዴ? ግባ ተቀመጥ።» ከዚያ ወደ እኔ፦ «መምህር፣ ልጁ ይበላል፣ ይሄዳል። ምን ሆነ ትለኛለህ?»

ስለ ጠርሙሱ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጠርሙስና ሰው አንድ ነው?»

የነጋዴው ልጅ ወለሉ ላይ በርከክ ብላ የጠየቀችው ትዝ አለኝ። «እርስዎ ይጠይቁት» አልኩ። «በቀልድ የማያመልጥዎትን ነገር።»

መሪጌታው አሰቡ። «ና እዚህ ቁም» አሉት ልጃቸውን። «የዘወትሩን ጸሎት በል።»

ማንበብ ሳይችል ጀምሮ በየጠዋቱ አባቱ ፊት ቆሞ የሚያደርሰው ነው። እጁን አጣምሮ በፍጥነት ጀመረ። መሀል ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ መጀመሪያው ተመልሶ እንደገና መጣና እዚያው ቦታ ላይ ጠፋበት። አባቱ አንዲት ቃል በለሆሳስ አቀበሉት። ቃሏን ተቀብሎ ደገማት፣ ደገማት፣ ከእሷ ግን አላለፈም። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ይበቃል የኔ ልጅ» አሉ መሪጌታው። ጋቢያቸውን ገፈው አለበሱትና መደቡ ላይ አስቀመጡት። «ራስህን ያምሃል?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎም አይናገሩም ነበር አሉ፣ አባባ።»

መሪጌታው ትከሻውን ይዘው «እኔ በዕድል ነው የተረፍኩት» አሉ። በዚያው ከሰዓት አራታችንም ድሬሰሩ ዘንድ ሄድን።

የገና ዕለት የመሪጌታው ልጅ በአባቱ ጋቢ ተጀቡኖ ሜዳው ዳር ካብ ላይ ተቀመጠ። የታች ሰፈሮች ሲያዩት ጊዜ አልፈጀባቸውም። «የላይ ሰፈር ሙሽራ! ሚዜዎችህ የት አሉ?» እያሉ ጮሁ። ልጁ ጋቢው ውስጥ ሲያንስ አየሁት። ያን ጊዜ መሪጌታው ካቡ ላይ ወጥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ! የሚሰድብ እኔን ይስደብ!»

በገና ቀን ትልቅ ሰው መስደብ ነውር አይደለምና ልጆቹ ግብዣውን በደስታ ተቀበሉ።

መሪጌታ ዱላ ፈሩ፣
ከልጃቸው ጋራ ሰፈሩ!

እሳቸው እየሳቁ ያጨበጭባሉ። የላይ ሰፈር ተሸነፈ። ረጅሙ ልጅ ቀኑን ሙሉ ዱላውን ከጉልበቱ በላይ ሳያነሣ ተጫወተ።

ልጁ ወደ ክፍል የተመለሰው ከጥምቀት በኋላ ነው፤ ድሬሰሩ ሲፈቅድለት። የመጀመሪያውን ቀን ምንም አልጠየቅሁትም። በሁለተኛው ጠዋት ያችኑ ግጥም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና መጨረሻዋን ባዶ ተውኳት። ጀርባዬን ለክፍሉ ሰጥቼ ቆየሁ፤ መዞር ፈርቼ ነበር። የእኔ አጨራረስ «ጋቢውን ልትመልስ» የሚል ነበር፤ ብዙ ለፍቼበታለሁ።

«ጋሼ» አለ ድምፁ ከኋላዬ። «የእርስዎን ልገምት ወይስ የራሴን ልበል?»

«የራስህን።»

«ጉም ከቆላ ወጥቶ አገሩን ቢያለብስ፣ ፀሐይ ትመጣለች እንቁላል ልትጠብስ!»

ክፍሉ ፈረሰ። ረጅሙ ልጅ ዴስኩን ይደበድባል፤ የነጋዴው ልጅ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትንፈቀፈቃለች። ቤት አመታቱ ከእኔው ይሻል ነበር። አልተከራከርኩም። ጠመኔውን አነሣሁና የእሱን ቃላት ባዶው ቦታ ላይ ጻፍኳቸው።