የሹራብ ጠባቂዋ ሩጫ

ዛሬ ጠዋት ዲላ ከተማ፣ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ሳለሁ የስፖርት ፊሽካ ተነፋ። ልጆቹ ሁሉ ሲሮጡ እሷ ወፍራም ናት ተብላ ብቻዋን ዛፍ ሥር ተቀምጣለች።

እኔም ጨለለቅቱ ከተማ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ወፍራም ስለነበርኩ በስፖርት ሰዓት ላብ ላብ የሚሸት የሹራብ ክምር እጠብቅ ነበር። አንድ ቀን አዲስ መምህር መጡ።

"አንቺ ለምን አትሮጪም?"

"ሹራብ እየጠበቅሁ ነው።"

"ሹራብ እግር የለውም፣ የትም አይሄድም። እግር ያለሽ አንቺ ነሽ፤ ተነሺ!"

በውፍረቴ የምትኮራው እናቴ ይህን ስትሰማ ከተፍ አለች። "መምህር፣ ልጄን ሊያከሱብኝ ነው?"

"የለም እትዬ፣ ትሩጥና ደሟ ወደ ጭንቅላቷ ይውጣ፤ ሒሳቡም ይቀላታል።"

ደሙ በጆሮዬ የሚፈስ መስሎኝ ሁለት ጆሮዬን ይዤ ሮጥሁ። እርጥቡ ሣር ያንሸራትተኛል፣ ደረቴ ይቃጠላል። "ድንች ተንከባለለ!" እያሉ ሳቁብኝ። ሌሎቹ ጨርሰው ወደ ክፍል ሊገቡ ሲሉ መምህሩ በሩ ላይ ቆሙ።

"የክፍላችሁ ልጅ ሳትደርስ ማንም አይገባም።"

ያን ጊዜ የሳቁት ሁሉ "በርቺ! ድረሺ!" ብለው ጮኹ። ሒሳቡ ቀለለኝ አልቀለለኝ እንጃ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ጥቁር ሰሌዳው ፊት መውጣት አልፈራሁም።

ዛሬ የግቢውን በር ገፋ አድርጌ ገባሁ። ወጣቱ የስፖርት መምህሯ ገና አፌን ሳልከፍት "እሺ እማማ፣ እሺ" አለ። ምኑን ሰምቶ ነው እሺ የሚለው? ብቻ ልጅቷን ከዛፉ ሥር አስነስቶ ከሌሎቹ ጋር እንድትሮጥ ላካት። የልጅ ልጄ የመጨረሻውን ዙር እስክትጨርስ ድረስ ከሜዳው አልተንቀሳቀስኩም።