ያቺ «እንጂ»

መካነ ሰላም ገበያ ዳር፣ የሠፈራችን ልጅ የሀናን አባት ጨርቅ ይሸጡበት የነበረው ሱቅ አሁን ሞባይል መሸጫ ሆኗል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ በረንዳውን ይፈልጋል። አክስቴ የሺእመቤት እዚያ ከሃያ ዓመት በላይ ልብስ ሰፍታለች፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስወጣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን የሠራሁት በእሷ ማሽን ድምፅ ነው። ያ ጊዜ ቢመለስልኝ የወር ደመወዜን እሰጥ ነበር፤ ደመወዜ የመንግሥት ስለሆነ ያን ያህል አልጎዳም።

አክስቴ ጥቁር ናት። ጠይምም፣ የቀይ ዳማም አይደለችም። በወጣትነቷ ሽማግሌ ሲመጣ ከጓዳ ሆና የሰማችው «ጠቆር ትላለች እንጂ ባለሙያ ናት አሉ» ሲባል ነው። አባቷ ዝም አሉ፤ ተዳረች። አማቷም እንግዳ በመጣ ቁጥር ያቺኑ «እንጂ» እየደገሙ አስተዋወቋት፤ ባሏ አንድ ቀን እንኳ ተዪ አላላቸውም። ሦስት ዓመት ውለታ እንደተዋለለት ሰው አንገቷን ደፍታ ኖረች። ከዚያ ልጇን ሐረግን አዝላ በጭነት መኪና መካነ ሰላም ገባችና ስፌት ተማረች።

በረንዳው ላይ ስለ መልክ የማይወራበት ቀን አልነበረም። አንዷ ቀይ ታሞግሳለች፣ ሌላዋ «ከጠይም ወዲያ» ትላለች። ሀናን ከጅዳ የተመለሰች ሰሞን ግን ሁሉንም ዝም አሰኘቻቸው። እሷን እዚህ «ቀዮ» እያልን ነው ያሳደግናት።

«ወላሂ፣ የምሠራበት ቤት እመቤቲቱ ስሜን አንድ ቀን ጠርታው አታውቅም፤ ‹ጥቁሯ› ነበር የምትለኝ» አለች። «መጀመሪያ ሌላ ሰው የምትጠራ መስሎኝ ወደ ኋላዬ ዞሬ አያለሁ።»

አክስቴ ማሽኗን አቁማ እስክታነባ ሳቀች። «በይ እንኳን ወደ እኛ ሠፈር መጣሽ» አለቻት።

ሐረግ ነርስነት ጨርሳ በተመረቀች ዓመት ለእሷም ሽማግሌ ተላከ። ልጁ ስማቸው የሚባል አስተማሪ ነው፤ ትወደዋለች። አክስቴን ያስፈራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጇም እንደ እሷ በቅናሽ እንዳትወሰድ። ሽማግሌዎቹን ይዘው የመጡት የግዕዝ ሰዋስውና አገባብ ሲያስተምሩ ያረጁት መሪጌታ መዝገቡ ናቸው። ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ስለ ልጁ ዘርና ጠባይ ብዙ ካሉ በኋላ፣ «ልጅቱንም አይተናታል፤ ጠቆር ትላለች እንጂ መልከ መልካም ናት» አሉ።

አባቴ እንደ ወንድምነቱ መልስ ሊሰጥ ጉሮሮውን ሲጠርግ አክስቴ ቀደመችው።

«መሪጌታ፣ እርስዎ የአገባብ መምህር ነዎት። ያቺ ‹እንጂ› እዚህ ምን ትሠራለች?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔ ሠርጉ የተበላሸ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። መሪጌታ ግን ጢማቸውን እየዳሰሱ ትንሽ አሰቡ። «እውነትሽን ነው፤ ያለ ቦታዋ ገብታለች» አሉ። «ልጅቱ ጥቁርና መልከ መልካም ናት።»

«እንዲያ ከሆነ ግቡና ተቀመጡ» አለች አክስቴ።

ሽማግሌዎቹ የአክስቴን እሺታ ይዘው ሲሄዱ ቤቱ አልበቃትም፤ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ሐረግ ከጓዳ ወጣች። ደስ ያላት መስሎን ነበር፤ ዓይኗ ግን ቀልቷል።

«እማ፣ አንቺስ? ከሕፃንነቴ ጀምሮ አዲስ ቀሚስ ባለበስሽኝ ቁጥር ምን ትዪኝ ነበር?»

«ምን አልኩሽ?»

«‹ጠቆር ትያለሽ እንጂ ያምርብሻል።›»

አክስቴ ውሸት ነው እንድልላት እኔን አየችኝ። አልቻልኩም፤ ስትል መቶ ጊዜ ሰምቻታለሁ። ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። በሕይወቴ እንደዚያ ያሳዘነችኝ ጊዜ የለም።

የሠርጉን ቀሚስ ራሷ ሰፋችው። ለመጨረሻ ጊዜ ስትለካት አብሬያቸው ነበርኩ። ጫፉን አስተካከለች፣ በከንፈሯ የያዘቻትን መርፌ አወጣች፣ ከዚያ ልጇን ከእግር እስከ ራስ አየቻት። አፏን ስትከፍት ሐረግ ትንፋሿን ያዘች።

«ጥቁረትሽ ያምርብሻል» አለቻት። ስለ ቀሚሱ ምንም አላለችም።