ወይዘሮ ዘርፌ እና የእናቴ ሽሮ

በጎንደር ከተማ ዕድሜያቸውን በሙሉ የድግስ ወጥ ሲሠሩ የኖሩት ወይዘሮ ዘርፌ ባለፈው ሰንበት ማለዳ፣ ቅዳሴ ሳይወጣ፣ አርፈዋል። ሕመማቸው አጭር ነበር። እኅታቸው ከኮላ ድባ ቀደም ብለው መጥተው ስለነበር ዓይናቸውን የከደኑላቸው እሳቸው ናቸው። ቀብራቸው በዕለቱ ስለተፈጸመ በአዘዞና በጠዳ ያላችሁ ወዳጆቻቸው ብዙዎቻችሁ አልደረሳችሁም። ማኪና በዚያ ሰዓት እንደማይገኝ ሁላችንም እናውቃለንና በዚህ አትጸጸቱ።

ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ድግሶቻቸው ነው። እውነትም ጣልያን ከወጣ ወዲህ በዚህ ከተማ ከተደገሡት ሠርጎች እሳቸው ያልቆሙበት ጥቂት ነው። ዳስ ውስጥ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው፣ ማማሰያቸውን እንደ በትረ መኰንን ይዘው፣ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያላያቸው የለም። አንድ ጊዜ ሁለት ሴቶች ሽንኩርት እየከተፉ ሲነታረኩ ሰምተው፣ «በጠብ የተከተፈ ሽንኩርት እኔ ድስት ውስጥ አይገባም፤ ሂዱና ታርቃችሁ ኑ» ብለው ከነመክተፊያቸው ከዳስ አስወጥተዋቸዋል። ሴቶቹም እያኮረፉ ወጥተው እየሳቁ ተመለሱ። ምስጋናቸው ውድ ነበር። የሰው ወጥ ቀምሰው «ይበላል» ካሉ፣ የሠራችው ሴት ያን ቀን መሬት አይበቃትም።

እኔ ግን የምጽፍላችሁ ከድግሱ ስለማይቆጠረው ሥራቸው ነው። ወይዘሮ ዘርፌ እሳት ማንደድ ያስጠላው ቤት ያውቁ ነበር። እንዴት እንደሚያውቁ አላውቅም። በጭሱ ነው የሚል አለ፣ በሰው ፊት ነው የሚል አለ። የእኛን ቤት ያወቁት በአባቴ ድምፅ ነው።

አባቴ የደብራችን መሪጌታ ናቸው። እናቴ ያረፈችው በሰኔ ነው፤ ክረምት ሊገባ ሲል ሽንብራውን ቆልታ፣ ቀምማ፣ አስፈጭታ፣ ማድጋውን እስከ አፉ በሽሮ ሞልታ ከጨረሰች በኋላ። ከአርባዋ በኋላ ዘመድ ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን እኔና አባቴ ብቻችንን ቀረን። ማጀት ገባሁ፤ ማድጋውን ከፈትሁ፤ የእናቴ ሽታ ወጣ። በዚያን ዕለት ሽሮ ሠራሁ። በማግስቱም ሠራሁ። ክረምቱ አለፈ፣ መስከረም ጠባ፣ ገና መጣ፣ እኔ ሽሮ እሠራለሁ። በፍስክ ቀን ቅቤ ጣል አደርግበታለሁ፣ በጾም ቀን እተወዋለሁ፤ ልዩነቱ ይኸው ነበር።

ሌላ መሥራት ሳልችል ቀርቼ አይደለም። እናቴ ከሞላችው ማድጋ ሌላ ነገር ማብሰል እሷን ከቤት ማስወጣት መስሎ ታየኝ። አባቴም ያንን ሲያዩ የሚጽናኑ መሰለኝ። ይሁንና ውሎ አድሮ ወጡን ማየት አስጠላኝ፤ ከዚያ ምድጃውን ማየት አስጠላኝ። ድስት ጥጄ ውኃው ፈልቶ እስኪያልቅ ዱቄቱን ሳልጨምር የቆምሁበት ቀን ብዙ ነው። አባቴ ጥቂት ጎርሰው «ተመስገን» ብለው ይነሣሉ። እየከሱ ሄዱ። በዐቢይ ጾም ዋዜማ በማኅሌት ላይ የመሩት ዜማ መሐል ድምፃቸው ጠፋና ሌላ ሰው አንሥቶ ጨረሰው። አባቴን እንደ እናቴ ልቀብር ነው ብዬ ፈራሁ። ቢሆንም በማግስቱ ያው ሽሮ ነው የሠራሁት።

በዚያ ሳምንት ወይዘሮ ዘርፌ በሸክላ ወጪት የባቄላ ስልጆ ይዘው ቤታችን መጡ። ሳይቀመጡ የድስቱን ክዳን አነሡ።

«ዛሬ ሽሮ ነው?»

«አዎ እትዬ።»

«ትናንትስ?»

«ሽሮ።»

«ምነው ልጄ፣ ገበያው ተዘጋ እንዴ?»

አልሳቅሁም። ወደ ማድጋው ጠቆምሁና የእናቴ መሆኑን ነገርኋቸው። እሳቸውም መቀለዱን ትተው ጎንበስ አሉ፣ ቆንጠር አድርገው በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት። ከእናቴ ጋር እኩያሞች ነበሩ።

«ሸጋ ሽሮ ነው፤ የእጇ ነው። ግን እስቲ ንገሪኝ፣ እናትሽ በሕይወት ሳለች እንዲህ በየቀኑ ታበላችሁ ነበር?»

«ኧረ የለም! ትናንት የበላነውን ዛሬ አትደግመውም ነበር።»

«ታዲያ ይህን ከማን ተማርሽው?»

መልሴን አልጠበቁም። በር ላይ ደርሰው ዞር አሉና፣ «ወጪቴን ስትመልሺ ሽሮ እንዳይኖርበት» ብለውኝ ሄዱ።

በሠፈራችን የሰው ወጪት ባዶውን አይመለስም። ቢያንስ ቆሎ፣ ቢያንስ ጎመን ይገባበታል። የሴትዮዋ ተንኮል እዚህ ላይ ነበር። ይምከሩኝ አላልኋቸውም፣ አልመከሩኝም፤ ዕቃቸውን ቤቴ ትተው ሄዱ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄባቸው ነበር። ወጪቱ መደብ ላይ ተቀምጦ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ያየኛል። ጎረቤት ገብቶ ቢያየው ምን ይላል? እንዳልመልሰው ሽሮ ተከልክያለሁ፤ እንዳላስቀምጠው ነውር ነው።

በገበያ ቀን ራሳቸው መጥተው «ነጠላሽን ልበሺ» አሉኝ። መንገድ ላይ ምን ልሥራ ብዬ ብጠይቃቸው ተቆጡኝ።

«ምን ልሥራ እያልሽ ገበያ አትውጪ። ቤት ሆነሽ ስታስቢ የሚመጣልሽ የለመድሽው ነው። ዝም ብለሽ ዙሪ፤ እጅሽ የሚያነሣውን እዪ።»

ዞርን። የደምቢያ ነጋዴዎች እህል ዘርግተዋል፣ የደጋ ሰዎች ድንችና ነጭ ሽንኩርት አምጥተዋል። ወይዘሮ ዘርፌ ከሁሉም ጋር ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ልጆቻቸውን በስም ይጠይቃሉ፣ እኔን ዘንግተውኛል። ቆይቶ ቆም አሉና እጄን አዩ። ዱባ ይዣለሁ። መቼ እንዳነሣሁት አላስታውስም፤ ቀለሙ ነው መሰለኝ የሳበኝ። ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህ ቢሠራ ምን ይመስል ይሆን ብዬ ማሰቤ ያን ሰዓት ታወቀኝ።

እንዴት እንደሚሠራ ያስተምሩኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «እንደምታውቂው ሥሪው። አንዲት ነገር ብቻ ለውጪበት፤ ሁለት ከለወጥሽ ትፈሪያለሽ» አሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔም ዱባ ወጥ ሠርቼ ዝንጅብል አበዛሁበት።

ለአባቴ አቀረብሁላቸው። አዩት። እኔን አዩኝ። ባርከው ጎረሱ፤ ደገሙ። እንጀራው አለቀና ቀና ብለው «ተርፏል?» አሉኝ። ጓዳ ገብቼ ጨልፌ እስክመለስ አለቀስሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ወዲያው ደግሞ እናቴን የከዳኋት መሰለኝ። ሁለቱ ስሜቶች በአንድ ደረት ውስጥ እንደሚገቡ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ወጪቱን በዱባ ሞልቼ መለስሁ። ወይዘሮ ዘርፌ ቀምሰው «ዝንጅብሉ በዝቷል» አሉና በሁለተኛው ቀን የሽንብራ ዓሣ አድርገውበት መልሰው ላኩት። እኔ ደግሞ በሰናፍጭ ያሸሁትን ምስር አድርጌ ሰደድሁ። እንዲህ ስንላላክ ሁዳዴው አለቀ። አንዳንድ ጠዋት አሁንም ስንፍና ይይዘኝ ነበር። ያን ጊዜ የወጪቱ ተራ የእኔ መሆኑን አስብና እነሣለሁ። «ለራስሽ መሥራት ሲያቅትሽ ለሰው ሥሪ፤ ለራስሽ የሚሆነው ከሥር ይገኛል» ይሉኝ ነበር። አባቴም በትንሣኤ ሌሊት ማኅሌቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መሩ።

ይህን ያደረጉት ለእኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአዘዞ ሚስታቸው የሞቱባቸው አንድ አዛውንት ወታደር ነበሩ። ወይዘሮ ዘርፌ ወጥ ይዘውላቸው ሄደው፣ «አያ፣ ወጪቴን ባዶውን እንዳያመጡ» አሏቸው። ሽማግሌው በዕድሜያቸው ድስት ነክተው አያውቁም። ተጨንቀው ገብስ ቆሉ፤ ግማሹ አረረ። ወይዘሮ ዘርፌ ያንን ቆሎ ሽማግሌው ፊት ተቀምጠው እያሞገሱ በሉት። እኔ አብሬ ነበርሁና ቀምሼዋለሁ፤ ከሰል ነበር። ከወራት በኋላ ግን እኒያ ሰው ለጎረቤት ልጆች ንፍሮ የሚቀቅሉ ሆኑ።

የእናቴ ሙት ዓመት በሐዋርያት ጾም ላይ ዋለ። ወይዘሮ ዘርፌ ዝክሩን ሊያሠሩልኝ በጠዋት መጡ። ማድጋውን ከሁዳዴ ወዲህ አልነካሁትም፤ ከታች ጥቂት ሽሮ ቀርቶ ነበር፣ ክዳኑን በጨርቅ አሥሬው ነበር።

«አምጪው» አሉኝ።

«አይሆንም እትዬ። ይህ ካለቀ እናቴ ምን ቀረልኝ?»

ማማሰያውን አስቀመጡና አጠገቤ ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ።

«ይህን ስትሞላ አብሬያት ነበርሁ። ለቅመን ቆልተን ውለናል። ‹ለሁለት ሦስት ሰው ይህ ሁሉ ምን ይሠራል?› ብላት፣ ‹የሚመጣ እንግዳ አይጠፋም› አለችኝ። አስቀምጪልኝ አላለችም፤ አብዪልኝ ነው ያለችው። ነቀዝ ሳይገባበት ሰው ይብላው ልጄ።»

ጨርቁን የፈታሁት እኔ ነኝ። ማድጋውን ዘቅዝቀን በእጃችን ጠረግነው። ካህናቱ በሉ፣ የቅኔ ተማሪዎች በሉ፣ ደጅ የተቀመጡ ነዳያን በሉ። ሁሉም ሲጠግብ አባቴ በመጨረሻ ቀመሱና ለብዙ ጊዜ አኘኩት።

«የእናትሽ ሽሮ እንዲህ ይጣፍጥ ነበር ለካ» አሉ። «ክረምት ከበጋ የዋጥሁት ለአንቺ ስል ነው። ሌላ ብጠይቅሽ የምትከፊ መስሎኝ።»

«እኔም የሠራሁት ለእርስዎ ብዬ ነው አባባ» አልኋቸው።

ተያየን። ከዚያ በዝክር ላይ፣ በካህናት ፊት፣ አባቴ ሳቁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲስቁ የሰማኋቸው የመጀመሪያ ቀን ነው። ወይዘሮ ዘርፌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው በነጠላቸው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻቸዋለሁ፤ ጢሱ ነው አሉ።

እትዬ ዘርፌ፣ አሁን ለእርስዎ እናገራለሁ። ሞትዎን ሰምተን ከቀብር ከተመለስን ወዲህ ቤቴ እሳት አልነደደም። ጎረቤት ያመጣልንን ስንቀማምስ ሰነበትን። ዛሬ ጠዋት አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ፊታቸውን አየሁትና ተነሣሁ። ከጓሮ ጎመን ቀነጠስሁ፣ ቃሪያ ጨመርሁበት፣ ድንች ከተፍሁበት፤ እንዲህ ያለ ወጥ ሠርቼ አላውቅም። እግዚአብሔር ነፍስዎን በቅዱሳኑ ዕረፍት ያሳርፍልን፤ ብዙ ቤት ከቅዝቃዜ አውጥተዋልና ብዙ ቤት ይጸልይልዎታል። ደኅና ይሁኑ፣ ከእናቴ እኩዮች የቀሩልኝ የመጨረሻዋ ሰው።

ወጡን ስቀምሰው ግን ጣፈጠኝ። እርስዎ በሞቱ በሳምንቱ፣ እትዬ፣ ምግብ ጣፈጠኝ። ይቅር ይበሉኝ ልልዎት ነበር። ይህን ይቅርታ እንደማይቀበሉኝ አውቃለሁና ደግሜ ጨለፍሁ።