የራሱን በረኛ የመታው አምበል

አማኑኤል ከተማ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ አለበል የሚባል ልብስ ሰፊ አለ። ዕድሜው ሠላሳ ስምንት ነው፤ የኳስ ጫማውን ሲያጠልቅ ግን ወደ ሠላሳ ሁለት ዝቅ ይላል። የጮራ እግር ኳስ ቡድን አምበል ከሆነ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ጮራ ያገኘው ሽልማት አንድ ብቻ ነበር፤ የጸባይ ዋንጫ። እሱም ከብርጭቆ የተሠራ ስለነበር ከደብረ ማርቆስ ሲመለሱ መኪና ውስጥ ተሰበረ።

አለበል ግን በዚያች ዋንጫ እንደኮራ ኖረ። ከጨዋታ በፊት ልጆቹን ሰብስቦ የሚናገረው ንግግር አለው፤ ዳኛ ላይ አትጩሁ፣ የወደቀ ተጋጣሚ አንሱ፣ ከኳስ በቀር ምንም ነገር አትምቱ። ልጆቹ በቃላቸው ስለያዙት ከእሱ ቀድመው ይጨርሱት ነበር።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው በሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ በግማሽ ፍጻሜው ጨዋታ ላይ፣ አገር ቆሞ እያየው በረኛ በጥፊ ያጮለው። የተጋጣሚውን በረኛ መትቶ ቢሆን ወሬው በሳምንቱ በበረደ። የመታው የራሱን በረኛ ነው። በረኛው ደግሞ የሚስቱ ወንድም ነው።

ደምለው ይባላል፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ዘመናይ አለበልን ስታገባ እናታቸው አርፈው ስለነበር የሰባት ዓመት ወንድሟን ይዛ ነው የመጣችው። ሌላው ሰው ሲያገባ ላምና በሬ ይከተለዋል፤ አለበልን የተከተለው በረኛ ነው ብሎ ሰፈሩ ስቆ ነበር። አለበል አልሳቀም። ከካፖርት ቁራጭ ጓንት ሰፋለት፣ ደብተር ገዛለት፣ ሲያመው አዝሎ ጤና ጣቢያ አደረሰው። ልጅ አልወለዱም፤ ስለዚህ ጉዳይ ሰፈሩ ብዙ ያውቃል፣ ቤቱ ግን ደምለው ስላለ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

የዚያን ቀን ጮራ ሁለት ለዜሮ ይመራ ነበር። አሥር ደቂቃ ያህል ቀርቷል። ደምለው እስከዚያ ድረስ የማይያዝ ኳስ ሁሉ ሲይዝ ውሎ ልቡ አብጧል፤ ኳሷን አርቆ እንደመምታት አጥቂውን በእግሩ ሊያታልል ሞከረ። አጥቂው ነጠቀውና አገባት። አለበል ከመሃል ሜዳ እየሮጠ መጣ። ሊያጽናናው ነው ብሎ ያላሰበ ሰው አልነበረም። ጧ! አለ ጉንጩ።

ዳኛው ፊሽካው አፉ ውስጥ እንዳለ ደርቆ ቀረ። የራሱን ሰው የመታ አምበል ከዚያ በፊት አይቶ አያውቅም መሰል፣ ኪሱን ሁለት ጊዜ ዳበሰ፤ ከዚያ ቀዩን አወጣ። ጮራ በአሥር ሰው ተንገታግቶ ለፍጻሜ አለፈ። በማግሥቱ ደብዳቤ መጣ፤ አለበል ለሦስት ጨዋታ ታግዷል።

ደምለው ብርድ ልብሱን ጠቀለለና የቡድኑ መሪ ጋሽ እንዳላማው ዘንድ ሄደ። ጋሽ እንዳላማው ፀጉር አስተካካይ ናቸው፤ ልጁን ደንበኛ በሚጠብቅበት አግዳሚ ላይ አስተኙት። ዘመናይም አልጮኸች፣ አላለቀሰች። ባሏን እራት አቅርባለት አጠገቡ ተቀመጠችና፣ «ጓንት የሰፋለት እጅ ነው የመታው» አለችው። እንጀራው እጁ ላይ ቀረ።

ከተማው ደግሞ ምሕረት የለውም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ሁሉ ጉንጩን በእጁ ሸፍኖ፣ «እንደፈለግህ አድርገው አለበል፣ ብቻ እንዳትመታኝ» ይለዋል። ፋሲካ እንኳ በመሃል መጣና አለፈ። አለበል ለዘመናይ፣ «ለዚያ ልጅ ከዶሮው ስትልኪ እንቁላል ሁለት አድርጊለት» አለ። ስሙን መጥራት አልቻለም። ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ ጋሽ እንዳላማው ቤት ሦስት ቀን ሄደ፤ በፊት በር ሲገባ ደምለው በጓሮ በር ይወጣል። ባዶ እጁን መመለስ እያፈረ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ይላጫል። በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ተላጭቶ አገጩ ያን የላከውን እንቁላል መሰለ።

ፍጻሜው የዳግማይ ትንሣኤ እሁድ ደብረ ማርቆስ ላይ ሆነ፤ ተጋጣሚው የሮብ ገበያ ቡድን ነው። አለበል በረንዳው ላይ ከስፌት መኪናው ፊት ተቀምጧል። ሰንበት ስለሆነ አይሰፋም፤ ክር ያልተሰካበትን መኪና ግን በእግሩ ይረግጣል። ዘመናይ ስልኳን ከፍ አድርጋ ከፍታለች፤ ጋሽ እንዳላማው ከሜዳው ዳር ሆነው ይጮኻሉ። ዜሮ ለዜሮ አለቀ። ፍጹም ቅጣት ምት ተጀመረ። መኪናው እንደ ወፍጮ ተሽከረከረ።

«ያዘው!» አለ ስልኩ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ደግሞ ያዘው! ደምለው ደገመው! በላን! ዋንጫውን በላነው!»

አለበል ዘሎ ዘመናይን አቀፋት። ወዲያው የሆነ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ቀስ ብሎ ለቀቃትና ተቀመጠ። ዘመናይ ስልኩን አቀበለችው።

«አለበል፣ ትሰማኛለህ?» አሉ ጋሽ እንዳላማው። «በአሥር ሰዓት እንገባለን። ልብስህን ቀይረህ ጠብቀን። ዋንጫውን ይዘህ ከተማ የምትገባው አንተ ነህ፤ ልጆቹ ተስማምተዋል።»

«ደምለውስ ተስማማ?»

«ደምለው... ደምለው ዝም ብሏል።»

«እንግዲያው አልመጣም፣ ጋሼ። እንኳን ደስ አላችሁ በሉልኝ» አለና ስልኩን ለሚስቱ መለሰ።

ወሬው ወዲያው ወፍጮ ቤት ደረሰ። በረንዳው ፊት ሰው ተሰበሰበ። አንዱ፣ «ሰባት ጨዋታ ተጫውቶ፣ አራት ጎል አግብቶ እንዴት ይቀራል?» ይላል። ሌላው፣ «የታገደ ሰው ከነካው እኮ ዋንጫው ይነጠቃል» ብሎ ከየት እንደሰማው የማይታወቅ ሕግ ያመጣል። አንድ አስታራቂ ደግሞ ፎቶው ላይ ይግባ፣ ግን ጀርባውን ሰጥቶ ይቁም አለ። ዘመናይ ሁሉንም፣ «በሉ ወደየቤታችሁ!» ብላ በተነቻቸውና ወደ ባሏ ዞረች።

«ትሄዳለህ አትሄድም?»

«ምን ብዬ ልሂድ? ከመታሁት ልጅ አጠገብ ቆሜ ልሣቅ?»

«ሣቅህን ማን ጠየቀህ! እኔ የምጠይቅህ ወንድሜ ዛሬ የት ነው የሚያድረው ነው።»

«ዝም አለ እኮ። ሰምተሻል።»

«ምን ይበልህ? በጥፊ ስላልኸኝ እግዜር ይስጥልኝ ይበልህ? ስማኝ አለበል። ለዋንጫው ከሆነ የምትሄደው እዚሁ ተቀመጥ፣ ደስታቸውን አታደፍርስባቸው። ለደምለው ከሆነ ግን ከተማ ሳይገባ ድረስለት። ከገባ በኋላ ሰው አቅፎ ይወስደዋል፣ አታገኘውም።»

አለበል ተነሣ። ልብሱን አልቀየረም። ለቦይ ሥራ ከመንገዱ ዳር ወደተከመረው ድንጋይ ሄደና አንድ አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገ። ዘመናይ አየችውና፣ «እሱ በር እንኳ አያስቆምም» አለች። ወረወረው። ሁለተኛውን ሊያነሣ ሞክሮ ወገቡ እምቢ አለ። ሦስተኛው የትልቅ ዱባ ያህል ነበር፤ እያቃሰተ ማጅራቱ ላይ ጫነውና በደብረ ማርቆስ መውጫ በኩል መንገድ ጀመረ። ዘመናይ አልተከተለችውም። ደጇ ላይ ቆማ አየችው።

በደል የሠራ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ መለመኑ የታወቀ ነው። ትልቅ ሰው ለሚስቱ ታናሽ ወንድም ሲሸከም ግን አማኑኤል አላየም። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እማማ ሥራነሽ መንገድ ላይ አገኙት።

«አንተ! በሰንበት ድንጋይ ትሸከማለህ? ሕግ ማፍረስ ለመደብህ እንዴ?»

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው፣ እማማ።»

«እሱስ ከሆነ አንገትህን ደፋ አድርግ። እንዲያ አይደለም፤ ጎንበስ! ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ስንት ጊዜ አድርጎታል፣ እኔ አውቃለሁ።»

ጎንበስ አለ። ከከተማው መውጫ ደርሶ ላቡን መጥረጊያ እጅ ሲያጣ፣ ቡድኑን የጫነው የአይሱዙ መኪና ጥሩንባ ተሰማ። ቅጠል ለብሶ፣ ልጆች ተንጠልጥለውበት፣ ጋቢናው አናት ላይ ደምለው ዋንጫውን አቅፎ ተቀምጦ መጣ። አለበል መሃል አስፋልት ላይ ተንበረከከ። መኪናው ሲጢጥ ብሎ ቆመ፤ ዘፈኑም አብሮ ቆመ። ከኋላ የነበረ ሚኒባስ ሹፌር ጥሩንባውን ሊለቀው ሲል ድንጋዩን አየና ሞተሩን አጠፋ።

አሥራ አንድ ዓመት ንግግር ሲያደርግ የኖረ ሰው የሚለው ጠፋው።

«ደምለው» አለ በመጨረሻ። «አገር እያየ በደልሁህ። አገር እያየ ይቅር በለኝ።»

ደምለው ዋንጫውን ለጓደኞቹ ሰጥቶ ወረደ። ጓንቱን እንኳ አላወለቀም። መጥቶ ፊት ለፊቱ ቆመ።

«ይከብዳል፣ አያ አለበል?»

«ደህና ነው።»

«ሁለቱን ፍጹም ቅጣት ምት እንዴት እንደያዝኋቸው ሰምተሃል?»

«በስልክ ጩኸት ብቻ ነው የሰማሁት።»

«እንግዲያው ልንገርህ።»

«ኧረ ልጄ!» አሉ ጋሽ እንዳላማው ከጋቢናው ብቅ ብለው። «መጀመሪያ ጣል በለውና ኋላ ታወራለህ!»

«ቆይ ጋሼ። የመጀመሪያው መቺ ግራኝ ነው። ዓይኑን አላየሁም፤ አንተ እንደምትለኝ የቆመበትን እግር ነው ያየሁት።»

«ጣቱ ወዴት ዞረ?» አለ አለበል ከድንጋዩ ሥር።

«ወደ ቀኜ።»

«ቀድመህ አልወደቅህም?»

«አልወደቅሁም። በሆዴ ያዝኋት። ሁለተኛው ደግሞ ረጅም ነው፤ ከላይኛው ብረት ሥር ላካት...»

«በየትኛው እጅ?»

«በግራ! በሁለት ጣት!»

«ጎበዝ!» ብሎ አለበል ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። ድንጋይ መሸከሙን ረስቶታል። ድንጋዩ ከማጅራቱ ተንሸራቶ ወደ ጉልበቱ ሲወርድ ደምለው ወደፊት ተወርውሮ ደረቱ ላይ ለጠፈው። ሚኒባስ ውስጥ ያለው ሁሉ አጨበጨበ።

ደምለው ድንጋዩን እንደታቀፈ፣ «ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ» አለና መንገድ ዳር አስቀመጠው። አለበል ተነሥቶ ያን የመታውን ጉንጭ ሳመው፤ ደግሞ ሳመው።

«ያመመኝ ጥፊው አይደለም» አለው ደምለው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ስይዝ ውዬ ያቺን አንዷን ብቻ ስላየህብኝ ነው።»

«አየሁ፣ ሁሉንም አየሁ» አለ አለበል። ጓንቱን በእጁ ይዞ አልለቅም አለ።

ጋሽ እንዳላማው ዋንጫውን ከላይ ሲያቀብሉት ራሱን ነቀነቀ። «የታገድሁ ነኝ፣ ጋሼ። እሱ ይያዘው።»

«አትንካው፣ ግን ውጣ» አለ ደምለው፣ እጁን ይዞ ጎተተው።

ጮራ አማኑኤል የገባው እንዲህ ሆኖ ነው። መንገዱ ጎድጓዳ የበዛበት ነው፤ ደምለው ጋቢናው አናት ላይ ቆሞ ዋንጫውን በሁለት እጁ ከፍ ሲያደርግ የሚይዘው ነገር አልነበረውም። አለበል ከኋላው ተጠግቶ በሁለት እጁ የቁምጣውን ወገብ ጨምድዶ ያዘለት። ላስቲኩን የሰፋው ራሱ ስለሆነ እንደማይበጠስ ያውቃል። ሕዝቡ እልል እያለ ሁሉም ዋንጫውን ያያል። ዘመናይ ብቻ ከደጇ ሆና የባሏን እጆች አየች። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ የወንድሟን ፍራሽ ማራገፍ ጀመረች።