የሚሟሟው ወረቀትና የቄስ ታፈረ እግር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ቁስል የሚባል ነገር አላሳዩኝም። ወረታ ከአንድ ጤና ጣቢያ ተመድቤ ስደርስ፣ የቁስል ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ አያሌው ከላይ እስከ ታች አይተውኝ መወልወያ ሰጡኝ። ወለሉን ወለወልኩ፣ መቀሱንና መቆንጠጫውን ቀቀልኩ፣ ከሰዓት በኋላውን ደግሞ የቁስል መሸፈኛ ጎዝ እየቆረጥኩ ሳጥፍ ዋልኩ። ነርስ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ የመጣሁ ሰው! ግን ለማን ይነገራል።

ጋሽ አያሌው የድሮ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ ናቸው። ትምህርታቸው አጭር፣ እጃቸው ግን የተመሰከረለት ነበር። ያስተማሩኝ አንድ ነገር ነው። ቁስል ላይ ቢጫ ካየሽ ጥረጊ፣ ቀይ እስኪሆን ጥረጊ፣ በሽተኛው ቢጮህም ጥረጊ። ያሰርኩትን እግር አስፈትተው ያዩ ነበር፤ ጥግ ላይ የቀረች ቢጫ ካገኙ እንደገና ያሠሩኛል። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ክፍሉን ተረከብኩ፤ እኔም በተራዬ ሌሎች ያሰሩትን አስፈታ ነበር።

የአካባቢያችን የፎገራ ቁስል እግር ላይ ነው። ገበሬው ክረምቱን ከሩዝ ማሳው ውኃ ውስጥ ቆሞ ይውላል፤ ትንሽ ጭረት በሳምንቱ ሌላ ነገር ሆና ትመጣለች። ከዚያ በሬ የወጋው አለ፣ ማጭድ የቆረጠው አለ። ከብዛቱ የተነሣ የሰው ፊት አላስታውስም። ገበያ ላይ አንዱ ሰላም ሲለኝ ቁልቁል እግሩን አይቼ ነው ስሙ የሚመጣልኝ። ባለቤቴ በዚህ ስቆብኝ አይጠግብም።

መድኃኒቱስ ቢሆን መች ረግቶ ያውቃል። ጂቪ የሚሉትን ቀለም ቀቡ ተባልን፣ ሰውን ሁሉ ሐምራዊ አደረግነው፤ በኋላ ተዉት ተባልን። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አፍሱበት ተባልን፣ አረፋውን እያየን ደስ አለን፤ እሱም አዲሱን ሥጋ ይገድላል ተብሎ ቀረ። ገበሬዎች ቁስላቸው ላይ ማር ቀብተው ሲመጡ ስንት ዓመት ተቆጥቻለሁ። አንድ ቀን አሠልጣኝ መጥቶ ማር ጀርም ይገድላል፣ በውጭ አገር በፋሻ ተነክሮ ይሸጣል አለን። ወይ ጉድ! እነዚያን የተቆጣኋቸውን ሰዎች አሁን ከየት አምጥቼ ይቅርታ ልበላቸው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሐምሌ እንደገባ፣ አንድ ካርቶን መጣ። ከየት እንደመጣ በቅጡ አላውቅም፤ አንድ ፕሮጀክት ለሙከራ ያከፋፈለው ነው ተባለ። ካርቶኑን የከፈተው ናሆም ነው። ናሆም ከአዲስ አበባ የተመደበልን ወጣት ጤና መኮንን ነው፤ አለቃዬ፣ በዕድሜ ግን ልጄ። በየፖስታው ውስጥ ነጭ፣ ስስ፣ ስፖንጅ የመሰለ ወረቀት አለ። ናሆም አብሮት ያለውን ጽሑፍ አንብቦ አስረዳኝ። ከእንስሳ ቆዳ ተጣርቶ የተሠራ ነው፤ ጀርም የሚገድል የብር ማዕድን ገብቶበታል፤ ቁስሉ ላይ ተቀምጦ በላዩ ጎዝ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ አይነሣም፤ ራሱ ይሟሟል።

ይሟሟል ሲለኝ አልደነቀኝም። የሚሟሟ የስፌት ክር አውቃለሁ፤ ስንቱን እናት ሰፍቼበታለሁ። ወረቀቱ አይነሣም አለኝ፣ እሺ አልኩ። ሲሟሟ ምን እንደሚመስል ግን እሱ አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁ።

ወረቀቱን መጀመሪያ ያደረግሁላቸው ለቄስ ታፈረ ነው። ቄስ ታፈረ ከቁሐር ሚካኤል ቀበሌ፣ የፎገራ ሜዳ ወደ ሐይቁ ከሚያዘነብልበት በኩል ናቸው። እንደ ማንኛውም ገበሬ ያርሳሉ፤ እሑድ ይቀድሳሉ። ግንቦት ላይ ማረሻ ቅልጥማቸውን ጫረ። ናቅ አድርገው ውኃ ውስጥ ሲቆሙበት ሰነበቱና፣ እኔ ዘንድ ሲመጡ ቁስሉ የእጅ መዳፍ አክሎ፣ እየፈሰሰ፣ ጠርዙ ገርጥቶ ነበር።

እሳቸውን የጨነቃቸው ሕመሙ አልነበረም። ፈሳሽና ደም ያለበት ቁስል ይዘው መቅደስ አይገቡም። አጥቢያቸው ውስጥ ደግሞ ካህን የሚባሉት እሳቸውና አንድ ሽማግሌ ቄስ ብቻ ናቸው፤ ቅዳሴ ያለ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት አይቆምም። ፍልሰታ ነሐሴ አንድ ይገባል። በፍልሰታ ዐሥራ አምስቱንም ቀን ይቀደሳል፤ ልጅ አዋቂው ይቆርባል። የጎረቤት አጥቢያም ካህን አያበድርም፤ ለራሱም አይተርፈው።

ቄስ ታፈረ አልጋው ላይ እንደተቀመጡ ቁርጡን ጠየቁኝ።

«ሲስተር፣ ለፍልሰታ ታደርሽኛለሽ?»

«አደርስዎታለሁ አባቴ» አልኩ። በእጄ ተማምኜ ነው።

ወረቀቱን ሳሳያቸው ከምን እንደተሠራ ጠየቁ። ከእንስሳ ቆዳ ነው አልኩ። ከየትኛው እንስሳ? ናሆምን ጠራሁት፤ ከላም ነው አለ። ቄስ ታፈረም፣ ይሄ ነገር ሥጋዬ ውስጥ ሟሙቶ የሚቀር ከሆነ በጾም እንደበላሁት አይቆጠርም ወይ አሉ። ናሆም እኔን አየ፣ እኔ ናሆምን አየሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በየትኛው ትምህርት ቤት ነው የሚመለሰው? እኔ አላውቅም አባቴ አልኩ። ስልካቸውን አውጥተው ወደ ንስሐ አባታቸው ደወሉ፣ ኮሪደር ወጥተው ረጅም ጊዜ አወሩና ተመልሰው እግራቸውን ዘረጉ። መድኃኒት ምግብ አይደለም ተብለዋል። እኔ ግን እስከ ማታ ነገሩ ሲዞርብኝ ዋለ።

በሦስተኛው ቀን ስፈታው ወረቀቱ የለም። በምትኩ ቁስሉ ላይ የተዘፈዘፈ ተልባ የመሰለ፣ ቢጫ፣ የሚያሟልጭ ነገር ተኝቷል። ወረቀቱ ሟሙቶ አለቀ፣ ከሥሩ መግል ቋጠረ ብዬ ጎዝ በሳላይን፣ በጨው ውኃ፣ ነክሬ ጠረግሁ። ቀይ እስኪሆን ጠረግሁ። ደም ነጠብ ነጠብ ሲል፣ ይኸው ንጹሕ ሥጋ ብዬ አዲስ ወረቀት አደረግሁ። ቄስ ታፈረ ጥርሳቸውን ነክሰው ዳዊታቸውን ይደግማሉ።

በሌላው ቀጠሮም ያው ቢጫ። በሳምንቱም ያው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባላል፤ እኔም እጄን አላስቆምኩትም። እንዲያውም የባሰ አጥብቄ ጠረግሁ። ቁስሉ አይብስም፣ አይሽልም፤ ባለበት ቆሟል። ሽታ የለው፣ ትኩሳት የላቸው። መግል ከሆነ ለምን አይሸትም? እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። ናሆምን ስጠይቀው ምናልባት መድኃኒቱ ለእርሳቸው አልተስማማ ይሆናል አለኝ። እኔም ሳላንገራግር ጥፋቱን በወረቀቱ ላይ ጣልኩ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ቄስ ታፈረ ቁስላቸውን ጎንበስ ብለው ራሳቸው አዩት። ደም አለው። ዝናቡ ጠንክሮ ነበርና፣ ውኃው መንገዱን ከዘጋው ባለቤታቸው እንዲያስሩላቸው ወረቀትና ጎዝ በላስቲክ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ባለቤትዎ ውኃ አፍልተው፣ ጨው ጣል አድርገው፣ አቀዝቅዘው ይጠቡበት አልኩ። ስለ መጥረጉ ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ የመጨረሻው ባጃጅ ሊሄድ ነው ተብሎ ተነሡ።

በማግሥቱ ሜዳው ውኃ ሆነ። ከዚያ ወዲያ መንገድም የለ፣ ስልክም የለ። ስደውል ያቺ ሴትዮ ማግኘት አይቻልም ትለኛለች። ነሐሴ አንድ ገባ። በየቀኑ ያንን እግር በዓይነ ሕሊናዬ እፈታዋለሁ፤ ሳይጠረግ ስንት ቀኑ ነው፣ ይሄኔ በስብሶ ይሆናል፣ ይሄኔ አጥንት ደርሶ ይሆናል እላለሁ። እግሩ ቢቆረጥስ? ማን ሊያርስላቸው ነው? ናሆም ቄሱን ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል የሚልክበትን ወረቀት ሁሉ ጽፎ አስቀምጦ ነበር።

ፍልሰታ ተፈታ። በሳምንቱ ውኃው ጎደል ሲል ቄስ ታፈረ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ የሺ ጋር መጡ። ሲራመዱ አየሁና ግራ ገባኝ፤ አያነክሱም። አስተኝቼ ፈታሁ። ያ መዳፍ የሚያክለው ቁስል የአውራ ጣት ጥፍር አክሏል። ዙሪያውን አዲስ ቆዳ ይዟል። መሐሉ ላይ ያቺው ቢጫ አለች።

እጄ ጎዙን አንሥቶ ነበር። ወይዘሮ የሺ «እሱን አይንኩት» አሉኝ።

ለምን አልኩ።

«እኔ ነክቼው አላውቅም። ስፈታው አስጠላኝ፣ ደግሞም ደም እንዳላወጣ ፈራሁ። ውኃውን ፈሰስ አደርግበትና ወረቀቱን በላዩ ጣል አደርጋለሁ። እንዲያ እንዲያ ስል እየጠበበ መጣ።»

ጎዙን ትሪው ላይ መለስኩት። ናሆም በር ላይ ቆሞ ይሰማል። ሄዶ ከካርቶኑ ያንን ጽሑፍ አመጣና ከዳር እስከ ዳር አነበበ። ከሥር፣ በደቃቅ ፊደል፣ ወረቀቱ ወደ ቢጫ ለስላሳ ነገር እንደሚለወጥ፣ እሱም እንዳይጠረግ ተጽፏል። ለአዲሱ ሥጋ መሠረት የሚሆነው እሱው ነው።

ኮሪደር ወጥተን ለምን አልነገርከኝም አልኩት። «እኔም ሲሟሟ አይቼው አላውቅ፣ እዚያ ድረስ አላነበብኩትም» አለ። ፊቱ ቀልቷል። ልጅ ነው፤ ልቆጣው ፈልጌ አቃተኝ። በሐምሌ ውስጥ በየቀጠሮው ጠርጌ የጣልኩት መግል አልነበረም። መድኃኒቱ ነው። አዲሱንም ሥጋ አብሬ ነው የፋቅሁት። ናሆም «ሲስተር ውባለም፣ አሁን ድነዋል፣ ባንነግራቸውስ?» አለ። እውነት ለመናገር፣ እኔም ለአፍታ ያህል እውነቱን ነው አልኩ።

ከዚያ ተመለስኩ። ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ነገርኳቸው። የጠረግሁት መግል መስሎኝ እንደነበር፣ ባልጠርገው ለነሐሴ አንድ ይደርሱ እንደነበር፣ ያዘገየኋቸው እኔ እንደሆንኩ። አለቀስኩ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ አልቅሼ አላውቅም ነበር።



«ዐሥራ አምስት ቀን ቅዳሴው ታጎለ» አሉ ቄስ ታፈረ። «ሕዝቡ በዝናብ እየመጣ ደጁን ተሳልሞ ተመለሰ። ሁለት ሽማግሌዎች ሳይቆርቡ ሞቱ። እኔም እግዚአብሔር ቁስሌን ሰበብ አድርጎ ስለ ኃጢአቴ ከመቅደሱ አባረረኝ እያልኩ ሳለቅስ ከረምኩ።»

ወይዘሮ የሺ መሬት መሬት ያያሉ።

ቄሱ «በይ እሰሪው» አሉና እግራቸውን ዘረጉልኝ።

ውኃ አፈሰስኩ፣ ቢጫውን ሳልነካ ወረቀት አደረግሁ፣ አሰርኩ። በሥራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ፋሻ እንዴት እንደሚጠመጠም ጠፍቶኝ ሁለት ጊዜ ፈትቼ አሰርኩት።

መስከረም ላይ ቁስሉ ደርቆ ቄስ ታፈረ መቅደስ ገቡ። ራሳቸው ደውለው ነገሩኝ፤ ሌላ ነገር አላሉም። ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ አላውቅም፤ ለመጠየቅም ድፍረቱ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት ወረቀት መጥቷል። ከባሕር ሣር የተሠራ አለ፣ ሽሪምፕ ከሚባል የባሕር እንስሳ ቅርፊት የተሠራ አለ፣ ማር የተነከረ አለ። አንዱ ቢጫ ይሆናል፣ አንዱ ቡኒ ሆኖ ይሸታል፣ አንዱ ውኃ ይመስላል። የትኛው የቁስሉ፣ የትኛው የመድኃኒቱ እንደሆነ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ይምታታብኝ ነበር። ቄስ ታፈረንም ያዳናቸው ወረቀቱ ይሁን፣ ያ ሁሉ ቀን እግራቸውን ሰቅለው መቀመጣቸው ይሁን፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። የእኔ እጅ አለመኖሩ እንደረዳቸው ግን አውቃለሁ።

አሁን በዚያ ክፍል ለምትሠሩት የምለው አንድ ነገር ነው። አዲስ ነገር ቁስል ላይ ከማድረጋችሁ በፊት፣ ስትፈቱት ምን መስሎ እንደምታገኙት ጠይቁ። የሚነግራችሁ ከሌለ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አስነብቡ። እኔ ሳልጠይቅ ጠረግሁ፤ አንድ አጥቢያ ፍልሰታን ያለ ቅዳሴ አሳለፈ፤ ሁለት ሰዎች ሳይቆርቡ ተቀበሩ።