ከኢያሱ ማመልከቻ ያወጣኋቸው ሁለት ገጾች

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ጾም መግደፌን፣ ከእህቴ ጋር ተኳርፌ መክረሜን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን አፌ ይያዛል። የማላውቅዎ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ እርስዎ ይስሙኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ቀጨኔ ከእናቴ ቤት እየተመላለስኩ ጉለሌ ውስጥ በአንድ የጤና ምርምር ላቦራቶሪ እሠራ ነበር። ኢያሱ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ሁለታችንም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ሦስት ዓመታችን። አባቱ አቶ ጫሜ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ናቸው። እሑድን አርፈው ሰኞ ሥራ ሲጀምሩ ደረታቸው ይታፈናል፣ ያስላቸዋል፤ ማክሰኞ ይሻላቸዋል። ኢያሱ ይህን እያየ ነው ያደገው። ሲነፉባት የትንፋሽን ጉልበት የምትለካ መሣሪያ ይዞ በየሸማኔው ቤት ይዞር፣ የለካውን በደብተር ይጽፍ ነበር።

እወደው ነበር። አልነገርኩትም። ምሳ ሰዓት ላይ እስከ ዊንጌት ትምህርት ቤት በእግራችን ወርደን እንመለሳለን፤ እሱ ስለ ጥጥ ብናኝ ያወራል፣ እኔ ድምፁን እሰማለሁ። ያ መንገድ ባያልቅ ብዬ ስንት ቀን ተመኘሁ!

አንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ለጀማሪ ተመራማሪዎች እዚያ ሄደው የሚመራመሩበት የሁለት ዓመት ፌሎሺፕ አወጣ። ኢያሱ ማመልከቻውን ጽፎ ወደ እኔ መጣ። ከዚያ በፊት እኔ ራሴ አመልክቼ ለሦስት ወር ውጭ አገር ተምሬ ስለመጣሁ፣ በላቦራቶሪው ውስጥ ፕሮፖዛል አዋቂ ተብያለሁ። ደግሞም አውቅ ነበር። ገምጋሚ ብዙ ወረቀት አንብቦ የደከመው ሰው ነው፤ ጥያቄህን በመጀመሪያው ገጽ ማግኘት አለበት፤ ቀጥሎ በራስህ እጅ የጀመርከውን ሥራ ማየት አለበት። ቀጥሎ የምነግርዎን ነገር ይህን ሳላውቅ ያደረግኩት እንዳይመስልዎ።

የኢያሱ ጽሑፍ የሚጀምረው «ሸማኔን ለምን ሰኞ ሰኞ ያመዋል?» ብሎ ነበር። ቀጥሎ የለካው ሁሉ በሁለት ገጽ ሠንጠረዥ ተዘርዝሯል። እንግሊዝኛው ቢንገዳገድም ማመልከቻው ያሸንፋል። አንብቤ ስጨርስ እንደሚሄድ ገባኝ። ሁለት ዓመት! በዚያ ዘመን ከሄዱት ስንቱ ተመለሰ?

«ጥያቄህ የልጅ ጥያቄ ይመስላል» አልኩት። አውጥቼ መጨረሻ ላይ ወሸቅኩት፤ በምትኩ ስለ ሕዝብ ጤናና ስለ ልማት አንድ ገጽ ሙሉ ባዶ ቃል ደረደርኩ። ሁለቱን የሠንጠረዥ ገጾችም አወጣኋቸው።

«እነዚህን ለምን?» አለኝ።

«ያላለቀ ሥራ ይንቃሉ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አልፌበት የለም እንዴ?»

«በቃ፣ አንቺ ካልሽ ይሁን» አለ። ያንን ማመልከቻ በገዛ እጄ በታይፕ መታሁለት። እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ እኔ ነኝ ያሳመርኩት መስዬ የሰጠሁት።

መልሱ ከወራት በኋላ መጣ። ላቦራቶሪው ደጃፍ ላይ ቆሞ አነበበልኝ፦ ጥያቄው ግልጽ አይደለም፤ የተጀመረ ሥራ ስለመኖሩ ማስረጃ አልቀረበም። አንብቦ ቀና ሲል አወቀብኝ ብዬ ደነገጥኩ።

«እንግሊዝኛዬ ነው ጉድ የሠራኝ» አለ። «አንቺንም በከንቱ አደከምኩሽ።»

ያኔ ለምን አልተናገርኩም? በዓመቱ ያው ዕድል እንደገና ሲወጣ «ገጾቹን መልሳቸው» ማለት ምን ያህል ከባድ ነበር? አላልኩትም። እሱም ዳግመኛ አላመለከተም። ወደ ሸማኔዎቹ ቤት መሄዱንም ተወ። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ጠይቆ፣ ደቡብ ወዳለ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ተዛወረ። እንዳይርቀኝ ብዬ የሠራሁትን ጥፋት ይዤ እኔ ቀረሁ፤ እሱ ሄደ። እዚያው አገባ።

አቶ ጫሜ ሲሞቱ ለቅሶ ደረስኩ። ኢያሱ ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ባለቤቱን አስተዋወቀኝ። «ማመልከቻዬን ያዘጋጀችልኝ ብዬ የነገርኩሽ እሷ ናት። እንደ እሷ የደከመልኝ ሰው የለም» አላት። ሴትዮዋ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ፤ «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እትዬ» አለችኝ። እኔም «አሜን» አልኩ። ሳል በጨረሳቸው አባቱ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ፣ አሜን!

ከዚያ ወዲህ ብዙ ወጣቶችን ማመልከቻ አጻጻፍ አስተምሬያለሁ፤ ብዙዎቹ አሸንፈዋል። ካሣ ይሆነኛል ብዬ ነበር። አልሆነም። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሰኞ ለምን እንደሚያመው ኢያሱ መርምሮ ሊነግረን ይችል ነበር፤ እኔ አስቀረሁት። የሁለት ዓመት ናፍቆትን ፈርቼ ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ እናፍቀዋለሁ። ፍቅር ነው ያሠራኝ አልልዎትም። የሚወድ ሰው ያን ገጽ ያወጣል?

ኢያሱ በሕይወት አለ። የት እንደሚኖርም አውቃለሁ። ሄጄ ያልነገርኩት ቁጣውን ፈርቼ አይደለም። ከእሱ የቀረኝ ነገር ቢኖር ምስጋናው ብቻ ነው፤ እሱንም እንዳላጣ ሰስቼ ነው። ስለዚህ ይቅር ይበሉኝ ብዬ እርስዎን አልለምንም።